መዶሻውን አጥፊው

ጥር ነው፤ ጠባሴ፤ ውርጩ ጣት ይቆርጣል፤
የሽታዬ ሱቅ በር በግድ ነው 'ሚከፈት፣ ቁልፉ ይጣበቃል።
ሦስት ሳጥን አወጣች፣ ሦስቱንም ከፈተች፤
"ባለ ገመዱ ይሻልሽ ነበር፣ ርካሽ ነው" አለች።
"የምሄድበት አገር ግድግዳ እንጂ ሶኬት የለም" ስላት፣
አንዱን ሳጥን ዘጋች፣ ሁለቱን አስጠጋች፣ ሳቅ እያመለጣት።

አንደኛው ትራፓኖ እንደ ሎሚ ያበራል፤
ሲያነሱት ላባ ነው፤ "መዶሻም አለኝ" ይላል፤
ፑንታ የሚነክስበት አፉን ስነካው ግን ጥርሱ ይወዛወዛል።
ሁለተኛው ከባድ፣ ፊቱ የማይስቅ፣ ጥቁር፤
ጎኑ ላይ መያዣ፣ እንደ እርፍ የሚጨበጥ፣ ለጠንካራ ምድር።

"ቮልቱን አትቁጠሪ" አለችኝ ሽታዬ፣ "ቁጥርማ ይዋሻል፤
ክንድሽን ዘርግተሽ ያዢው፣ እስከ መቶ ቁጠሪ፤ ክንድሽ ይነግርሻል።"
ሰባ ላይ ስደርስ ክንዴ ተንቀጠቀጠ፤
ልቤ ግን መረጠ።
ሁለት ባትሪ ጨመርኩ፤ የወር ደሞዜ አለቀ፤
ኪሴ ቀሎ፣ ቦርሳዬ ከብዶ፣ ሚኒባሱ ወደ መሐል ሜዳ ዘለቀ።

ጋሽ አጎናፍር ግንበኛ ነበሩ፤
ዛሬ ዓይናቸው ፈዞ፣ በጣት ነው የሚኖሩ።
ከአልጋ እስከ በር ድረስ የሚደገፉት ብረት፣
ልጃቸው አሠርቶ፣ ከአራት ፊሸር ጋራ፣ ሰጠኝ በጨርቅ ጠቅልሎት።
የድንጋይ ቤት ነው፤ ክንድ ተኩል ይሆናል ወርዱ፤
እሳቸው ናቸው የካቡት፣ ጎረምሳ ሳሉ፣ ገና ልጅ ሳይወልዱ።

ፑንታውን አስነከስኩ፤ ቀለበቱን አዞርኩ፣ ከመዶሻው ሥዕል አደረስኩ፤
ቤቱ አጓራ፤ ከጓሳው ክዳን ጥላሸት ዘነበ፤ እኔም በጉልበቴ ተጫንኩ።
አንዱ ተበሳ። ኮራሁ። ሁለተኛው ላይ ግን፣
ከድንጋዩ ጎን ጭቃው ተናደ፣ በእፍኝ በእፍኝ፤
የብርቱካን ያህል ጉድጓድ አፉን ከፈተብኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ቁሚ" አሉ። ከአልጋው ጠርዝ ተነሡ፤
ግድግዳውን በመዳፍ ዳበሱ፤
"ይኼ ጥቁሩ ነው፣ ከወንዙ ያመጣሁት፤
ይኼ ደግሞ ልቡ የተሰነጠቀ፣ እንዳይታይ አዙሬ የደበቅሁት፤
ይኼ ጭቃ ነው፣ ጭድ የገባበት፤ ጭቃ አይመታም፤
ጭቃ ሲመቱት ይሄዳል፤ ድንጋይ ግን ካልመቱት አይሰማም።
እዚህ ላይ መዶሻውን አጥፊው፤ ዕቃሽ ይዙር ተረጋግቶ፤
ጆሮሽን ስጪው፤ ድምፁ ሲለወጥ እጅሽ ይከተል፣ ነቅቶ።"

አጠፋሁት። ዞረ። ጩኸቱ እንደ ክር ቀጠነ፤
"አሁን ጭቃ ነሽ" ይላሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፤
"አሁን ድንጋይ፤ ምቺው።" እንዳሉት ሆነ።

ሦስተኛው ሲያልቅ ባትሪው ሞተ። ብርዱ በላው፤
ሁለተኛውም ከቦርሳ ስመዘው፣ አንዲት ቀይ መብራት ናት ያለው።
"ወዲህ በይው" አሉ። ባናቸውን ገልጠው፣
ከብብታቸው ሥር አኖሩት፣ እንደ ጫጩት አቅፈው።
ተቀመጥን። ውጭ ነፋሱ ጓሳውን ያበጥራል፤
ውሻ አንድ ጊዜ ይጮኽና ይተዋል።
"በእኔ ጊዜ አንዱ ቀዳዳ የሁለት ቀን ሥራ ነበር፤
ሦስት መሮ ይበላል፣ ከነአውራ ጣት ጥፍር።"
ዝም አሉ። ደግሞ፦ "ገመድ የለውም አልሽኝ?"
"የለውም።" "እንግዲያ እንደኔ ነው፤
ሰው ሲያቅፈው ነው የሚሠራው።"

አራተኛውን አንድ ስንዝር አሸሸን፣ የተሰነጠቀውን ላለመንካት፤
ፊሸሩ ገባ፣ ብሎኑ ነከሰ፣ ብረቱ ቆመ፣ ዘመም ብሎ ጥቂት።
ይዘውት ሄዱ፣ እስከ በሩ፤
ተመልሰው መጡ፤ እርምጃቸውን ቆጠሩ፤
ያቺን የብርቱካን ጉድጓድ በጣት አገኟት፤
ልደፍናት ስል፣ "ተያት፤
ለጭቃማ እኔ አለሁ" አሉኝ፤ "አንቺ መሽቶብሻል፤
መኪናው ያመልጥሻል።"

ወጣሁ። ከኋላዬ የውኃ ድምፅ፣ የጭድ ኮሽታ፤
ባትሪው በብብቴ ሥር ነበር፣ እስከ ማታ።